እሪ በከንቱ፣ ወይም ስለ ቆሽታችን

በአማርኛችን የቆሽት ሥራ ማረር ብቻ ነው። ልጅ ያስቸገራት እናት «ቆሽቴን አሳረርኸው» ትላለች፤ ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ የተንከባለለበት ባለጉዳይም ቆሽቱ ደብኖ ይመለሳል። እኛም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ይህን ብልት የምናውቀው ከብሶትና ከቁጣ ቃል ነበር። ጨጓራ የት እንዳለ እናውቃለን፤ በየፈተናው ሰሞን ራሱ ያስታውሰናል። ቆሽት ግን ከጨጓራ ኋላ ተጋድሞ የሚኖር መሆኑን የተረዳነው አምና በኅዳር ወር ነው። የተረዳነውም ከመጽሐፍ አይደለም።

እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ከሦስታችን አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ነው። የትኛችን እንደ ሆነ አንናገርም፤ በማደሪያችን ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቁርስ እንደሚበላ አንባቢም ያውቃል። እርሱ ራሱ ይህን ጽሑፍ አብሮን ይጽፋል፤ አንዳንድ ዐረፍተ ነገርም ሰርዞብናል። ለአጻጻፍ እንዲመቸን «ባለ መርፌው» እንበለው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነውና ማንም አይከፋብን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። ባለ መርፌው ውሃ መጠጣት አበዛ፤ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሣ ይወጣል፣ ሲመለስ እንደገና ይጠጣል። እኛም «ጣናን ልታጎድለው ነው» እያልን ሳቅንበት። ሱሪው ሰፋ። አንድ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በአራት ኪሎ፣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ወደ ፒያሳ ስንወርድ፣ መንገድ ዳር ጫማ ከሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ቆመና ቀበቶውን አውልቆ ሁለት ቀዳዳ አስጨመረ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሁለት አስጨመረ። አዛውንቱ ቀበቶውን እያገላበጡ «ልጄ፣ ምን ነካህ? ትበላለህ ወይ?» አሉት። ትክክለኛውን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት እርሳቸው ነበሩ። እኛ የመመገቢያ አዳራሹን ወጥ ሰድበን አለፍን።

ከዚያ ትውከት መጣ። ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወሰድነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ደም ሰጠ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ክኒን ተቀብሎ ተመለሰ። ስለ ውሃው የጠየቀው የለም። እኛም አጠገቡ ተቀምጠን ሳለ ስለ ውሃው አልተናገርንም፤ ቀልድ ያደረግነው ነገር የሕመም ምልክት ይሆናል ብለን እንዴት እናስብ? በማግሥቱ ሌሊት ትንፋሹ ተለወጠ። አልጋው ላይ ተኝቶ ዳገት እንደ ወጣ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል፤ አፉም የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ተሸክመን አወረድነው። ሌላ ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ ጣቱን ወጋችና ጠብታዋን በትንሽ መሣሪያ ላይ አሳረፈች። መሣሪያዋ ቁጥር አልሰጠችም፤ ልትቆጥረው ከምትችለው በላይ መሆኑን ብቻ አመለከተች።

በሦስተኛው ቀን አእምሮው ሲመለስ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «ምን አድርጌ ነው?» የሚል ነበር። መልስ የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ ጠያቂ የፒያሳን ኬክና በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣውን ማኪያቶ ከሰሰ። አክስቱ የሰው ዐይን ነው አሉ። እኛ ፈተናን ከሰስን። ክፍሉን የምትጎበኘው ወጣት ሐኪም ሁላችንንም ሰምታ ስታበቃ፣ «ምንም አላደረግህም፤ ኬኩም ፈተናውም አላደረጉህም። ቆሽትህ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት በገዛ ሰውነትህ ተወግተው አልቀዋል» አለችው። እንዲህ ያለ መልስ ያጽናናል ብላ ከሆነ ተሳስታለች። ባለ መርፌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኛ ግን ጠያቂዎች ሆነን በየቀኑ እየተከታተልን አስቸገርናት፤ እርሷም ቅር ሳይላት አስረዳችን። በ1869 በበርሊን ጳውል ላንገርሃንስ የተባለ፣ ገና ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ተማሪ የቆሽትን ሥጋ በማጉያ መነጽር ሲመረምር ከቀረው የተለዩ፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ የሕዋስ ክምሮችን አየ። ምን እንደሚሠሩ አላወቀም፤ አላውቅም ብሎም ጻፈ። ኋላ ሰዎች «የላንገርሃንስ ደሴቶች» አሏቸው። ኢንሱሊን የሚለው ስም እንኳ ደሴት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ፤ ሆኖም ሁሉም ተሰብስበው ከቆሽቱ ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ አያልፉም። እኛ ጣናንና ደሴቶቹን አሰብን፤ በሰፊው ውሃ መካከል ትንንሽ ሆነው ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ሁሉ የያዙትን። የባለ መርፌው ደሴቶች ግን ተዘርፈዋል።

ዘራፊው ማነው? እዚህ ላይ ነው አንድ ቃል ያስቸገረን። ሰውነታችን ከውጭ የሚመጣን ተዋሲ የሚከላከልበትን በደም ውስጥ የሚዘዋወር ነገር በአማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» እንለዋለን። ቃሉ የተዋጣለት ነው። በዚህ በሽታ ግን ፀረ እንግዳው የሚነሣው በእንግዳ ላይ አይደለም፤ በባለቤቱ ላይ ነው። የገዛ ቤቱን ሰው ለይቶ ማወቅ ያቃተው ዘበኛ ማለት ነው። ታዲያ ምን ብለን እንጥራው? ሁለት ምሽት ተከራከርንበት። አንዳችን «ፀረ ባለቤት አካል» አለ፤ ሌላው ሳቀ። በመጨረሻ «ፀረ ራስ አካል» በሚለው ተስማማን፤ የቋንቋ መምህሮቻችን የተሻለ ካላቸው ይጻፉልን።

ይህን ፀረ ራስ አካል በስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት በ1974 በለንደን ቦታዞና ባልደረቦቹ ናቸው። በስሱ የተቆረጠ የሰው ቆሽት ላይ የሕመምተኞችን የደም ውሃ አፍስሰው ሲመለከቱ ደሴቶቹ ብቻ ተለይተው አበሩ። በ1990 ደግሞ ፀረ ራስ አካሉ ከሚያነጣጥርባቸው ነገሮች አንዱ ጋድ የሚባል ኤንዛይም መሆኑ ታወቀ። የሚደንቀው ጋድ በአንጎላችንም ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ነው። ዛሬ ሐኪሞች በተለይ የሚፈልጓቸው አራት ዓይነቶች አሉ፤ አንደኛው በራሱ በኢንሱሊን ላይ የሚነሣ ነው።

እኛም ይህን ስንሰማ ወንጀለኛው ተያዘ ብለን ደስ አለን። ሐኪሟ ግን ራሷን ነቀነቀች። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ስታረግዝ ፀረ ራስ አካሏ በእትብት በኩል ወደ ፅንሱ ይገባል፤ ሕፃኑ በደሙ ይዞት ይወለዳል። ሆኖም በዚያ ምክንያት ሕፃኑ አይታመምም፤ ከእናቱ ያገኘው ፀረ ራስ አካል በወራት ውስጥ ከደሙ ይጠፋል። በ2001 ደግሞ ከውልደቱ ጀምሮ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት የማይችል አንድ ወጣት ያው የስኳር በሽታ እንደ ያዘው ተጽፏል። ደሴቶቹን የሚያጠፉት በዋናነት ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ፀረ ራስ አካሉ ጥፋቱ መጀመሩን ያመለክታል እንጂ አጥፊው እርሱ አይደለም።

ከሆስፒታል ወጥተን ወደ ፒያሳ ስንሄድ ይህን እያወራን እሪ በከንቱ ደረስን። የሰፈሩ ስም እንዴት እንደ ወጣ የአራዳ ልጅ ሁሉ ይናገራል፤ በድሮ ዘመን በዚያ ገደል ወንበዴ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት አልነበረም ይባላል። ባለ መርፌው ቆመና «እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው» አለ። እሪ ባዩ ሌባ አይደለም፤ ሌባ መግባቱን የሚያሳውቅ ነው። በእርሱ ደም ውስጥ ፀረ ራስ አካሉ ምናልባት ለዓመታት እሪ ሲል ኖሯል፤ ቁርስ ሲበላ፣ ኳስ ሲጫወት፣ ማትሪክ ሲፈተን። ማን ሰማ? የዚህ እሪታ ጥቅም ቀድሞ መምጣቱ ነው። በ2013 የታተመ በጀርመን፣ በፊንላንድና በአሜሪካ በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ፀረ ራስ አካል ከተገኘባቸው 100 ልጆች 70 ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ታመዋል። ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች በ2022 አሜሪካ የፈቀደችው ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት በሽታውን በሁለት ዓመት ያህል ያዘገያል። ሁለት ዓመት! ባለ መርፌው ሁለት ዓመት ቢሰጠው ምን እንደሚያደርግበት ሲቆጥር አራዳ ጊዮርጊስ ደረስን።

ያን ጊዜ ነው ምርመራውን ካላደረግሁ ያለው። ምክንያቱን ወዲያው አልነገረንም። በፒያሳና በአካባቢው ላቦራቶሪ ለላቦራቶሪ ዞርን። አንዳንዱ ስሙንም አልሰማም። በመጨረሻ አንዱ ደሙን ወስጄ ወደ ውጭ አገር እልካለሁ፣ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል አለን። ዋጋውን ሲነግረን ሦስታችንም እኩል ዝም አልን፤ የሁለት ወር የኪስ ገንዘባችን ተደምሮ አይበቃውም። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስንሟገት ነው ባለ መርፌው እውነቱን ያወጣው። አባቱ የጎጃም ገበሬ ናቸው። በስልክ፣ «ልጄ፣ የገዛ ሰውነትህ ጠላህ የሚለው ነገር አልገባኝም። ለዓመት በዓል ና፤ ጠበል አስገባሃለሁ፤ እዚያ ሳለህ መርፌውን ተዋት» ብለውታል። እርሱ ደግሞ የፈለገው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። የአገሬ ሰው ማኅተም ያከብራል ብሎ ነው።

ወረቀቱን ይዘን ከመሄዳችን በፊት ሐኪሟን እንጠይቅ ብለን ተመለስን። እርሷም፣ «ወረቀቱ የለበትም ቢልስ?» አለችው።

ይህ በአእምሯችን አልነበረም። እርሷ ግን ታውቅ ነበር። በአገራችን ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣቶች ሁሉ መጽሐፉ እንደሚለው አይደሉም። በ2009 ከጎንደርና ከጅማ የወጣው ጽሑፍ በገጠር የሚኖሩ፣ ድሆችና ከሲታ የሆኑ፣ አብዛኞቹም ወንዶች የሆኑ ኢንሱሊን ፈላጊ ሕመምተኞችን አሳይቶ፣ ከምግብ እጦት ጋር ስለ ተያያዘ የስኳር በሽታ የተዘጋው መዝገብ እንደገና ይከፈት ወይ ብሎ ጠየቀ። መዝገቡ በእውነት ተዘግቶ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 አውጥቶታል። በ2011 የመቀሌ ሕመምተኞች ደም ሲመረመርም የጋድ ፀረ ራስ አካል በከፊሎቹ ተገኘ፣ በሌሎቹ ጠፋ። በ2025 ደግሞ ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ በወጣትነታቸው ታመው አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ነው የተባሉ 894 ሰዎች ሲጠኑ፣ ከመቶ 65ቱ ምንም የቆሽት ፀረ ራስ አካል አልነበረባቸውም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጦት ጋር የሚያያዘውን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ስም ሰጠው።

እንግዲህ ያለ እሪታ የተዘረፈ ቤትም አለ ማለት ነው። በሌላ መንገድ የተጎዳ፣ ከልጅነት ጀምሮ ረኀብ ያዳከመው ቆሽትም አለ። እነዚህን መለየት ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው፤ በምግብ እጦት ለተጎዳው ኢንሱሊን ያለ ልክ ቢሰጠው ስኳሩ ወርዶ ሊገድለው ይችላልና። ባለ መርፌው ግን ትንፋሹ እንደዚያ ረዝሞ፣ አፉ እንደዚያ ሸትቶ የመጣ ሰው ነው። «አንተ ኢንሱሊን ካቆምህ ምርመራው አለበት ቢልም የለበትም ቢልም በቀናት ውስጥ ወደዚያች ሌሊት ትመለሳለህ። ወረቀቱ ለአባትህ ሌላ ነገር እንዳይነግራቸው እፈራለሁ» አለችው።

ባለ መርፌው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ኋላ በመንገድ ላይ፣ «ለአባቴ ብቻ አይደለም። የለበትም ቢለኝ መርፌውን የምጥለው እኔ ነበርሁ» አለን። ይህን ዐረፍተ ነገር ሊሰርዘው ፈልጎ ነበር፤ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ አስቀረነው።

ምርመራው አልተደረገም። ከሦስታችን አንዱ አሁንም መደረግ ነበረበት ይላል፤ በአገራችን ደም ላይ የሚታወቀው ጥቂት ነው፣ አንድም ሰው ቢሆን ይጨመር የሚል ክርክር አለው። ክርክሩ ውድቅ አይደለም። ገንዘቡን ግን የስኳር መለኪያ መሣሪያና ብዙ የመለኪያ ወረቀት ገዛንበት።

አንባቢ ሆይ፣ ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፤ ማደሪያችን ደግሞ ማቀዝቀዣ የለውም። ገጠር ያሉ ሕመምተኞች በእንስራ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው ያቆዩታል ይባላል። የእኛው ብልቃጥ የሚኖረው ፒያሳ፣ ከአንዲት ሱቅ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በሚሪንዳና በአምቦ ውሃ መካከል ነው። ባለቤቷ እትዬ እንላታለን፤ በ2024 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የቀድሞ ሱቋን ያጣች ናት። ማቀዝቀዣዋን ግን በጭነት መኪና አሳፍራ አተረፈች። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በዚሁ አራዳ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ምን ይሆን ነበር እያልን አንዳንድ ጊዜ እናስባለን። በ1922 ጥር ወር በቶሮንቶ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን እስኪድን ድረስ በዓለም ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። ያን መድኃኒት በማውጣቱ ሥራ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ ቻርልስ ቤስት፣ ሥራውን ሲጀምር የ22 ዓመት ወጣት ነበር። የእኛ እኩያ! እኛ በዚህ ዕድሜ ስም ለማውጣት ሁለት ምሽት ፈጀብን።

ከፋሲካ በፊት የባለ መርፌው አባት ራሳቸው አዲስ አበባ መጡ። ወረቀት ስላልነበረን ከአውቶቡስ ጣቢያ በቀጥታ ወደ እትዬ ሱቅ ወሰድናቸው። ሻይ ቀረበላቸው። ባለ መርፌው ምሳ ከመብላቱ በፊት ጣቱን ወግቶ ቁጥሩን አሳያቸው፤ 287 ይላል። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው አወጣ፣ በመርፌው ቀዳ፣ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን ወጋ። አባቱ ዐይናቸውን አልነቀሉም። እንጀራው ተበላ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ተጨዋወትን። እንደገና ሲለካ 141 ሆነ።

«እስቲ የእኔንም» አሉና የተሰነጣጠቀ ጣታቸውን ዘረጉ። ሁለት ጊዜ ወግተን ነው ደም ያገኘነው። 98።

ሁለቱን ቁጥሮች በጋቢያቸው ጫፍ እንደሚቋጥሩ ሁሉ ደጋግመው በአፋቸው አሉት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞር ብለው፣ «እንዲያው እመቤቴ፣ ይህችን ብልቃጥ ጠበል ቦታ ይዞ መግባት ይከለክላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ማን ይከለክላል! የእኔ ጎረቤት እንጦጦ ስትጠመቅ ይዛ ነው የምትወጣው» አለች እትዬ፤ ብልቃጡንም ለመንገዱ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልል ጀመር።